አባዬን ያዞርንበት ቀን

እማዬ ኦርቶዶክስ ናት፤ አባዬ ጴንጤ ነበር። እሱ እሷ እንድትድን ተንበርክኮ ይጸልያል፤ እሷ ደግሞ እሱ እንዲመለስ ስለት ትሳላለች። ተኳርፈው አያውቁም ብል እዋሻለሁ፤ በጾም ወራት እሱ ጥብስ ሲያምረው ቤቱ ይታመስ ነበር። ግን ይዋደዱ ነበር፣ ሲበዛ። የማይጋሩት መቃብር ብቻ ነው። የእሷ ቦታ ደብሯ ግቢ ነው፤ የእሱ ከሐዋሳ ዳር፣ ሐይቁ የሚታይበት የጴንጤዎቹ መቃብር።

የቀብሩ ዕለት ፀሐዩ ያናድድ ነበር። መዘምራኑ እየዘመሩ ሳጥኑ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድምፅ ያላሰማችው እማዬ፣ "አቁሙ!" አለች። ሐዘኑ አሳበዳት ብለን ክው አልን።

"ራሱን ወደ ምሥራቅ አድርጋችሁታል" አለች። "ሲነሳ ፊቱ ወደ ሐይቁ ሊሆን ነው። አዙሩት!"

የአባዬ የሥራ ጓደኛ እየተቁለጨለጨ፣ "ሆን ብለን ነው እኮ፣ እህቴ። ሐይቁን ይወድ የለ?" አላት።

"እና ዓሣ ሊያጠምድ ነው የሚነሳው?"

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። እኔ የአባዬ ቤተ ክርስቲያን አባል ነኝ፤ ያ ሁሉ ሰው ያውቀኛል። በዚያ ላይ ቁጡ ነኝ፤ ሐዘን ሲጨመርበትማ አያድርስ! "እማዬ፣ በናትሽ በሰው ፊት አታዋርጂን" አልኳት ጥርሴን ነክሼ። "ጌታ ሲመጣ ማን በየት በኩል ተኛ አይልም።"

ፓስተሩ ወጣት ነው። ቀረብ ብሎ፣ "እማማ፣ አይስጉ። በትንሣኤ ቀን ወዴትም ቢዞር ጌታን ማየቱ አይቀርም" አላት በትሕትና።

"ጌታንማ ያያል፣ ልጄ። እኔን ነው የማያየኝ።" እጇን በምሥራቅ በኩል፣ ከቤቶቹ በላይ ወደሚታየው የደብሯ ጉልላት ዘረጋች። "እኔ የምቀበረው እዚያ ነው። ጀርባውን ሰጥቶኝ ከተነሳ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል በምን ያገኘኛል?"

ፓስተሩ የሚመልሰው አያጣም፤ እኔም አላጣም ነበር። እሱ ግን ኮቱን አውልቆ ገመዱን ያዘ። ወንዶቹ ሳጥኑን አውጥተው አዞሩት። አባዬ ግዙፍ ሰው ነበር፤ ላባቸው ጠብ እስኪል ታገሉ። መዝሙሩ ስለቆመ የሚሰማው የእማዬ "ቀስ፣ ቀስ፣ እንዳይጋጭ" ብቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ እንቢ ያለኝ እንባ ያን ጊዜ መጣ።

ከቀብር ተመልሰን ድንኳኑ ውስጥ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ንዴቴ በርዶ ነበር፤ ግን አላስቻለኝም።

"እማዬ፣ እውነት እዚያም የምትጠፋፉ ይመስልሻል? ጌታ ራሱ ያገናኛችሁ የለ?"

"መጀመሪያ ፍርድ አለ" አለች።

ነጠላዋን አስተካከለች። አላለቀሰችም።

"የአባትሽ ሰዎች እኔን በግራ ነው የሚያቆሙኝ። የእኔዎቹ ደግሞ እሱን። ማን እንደተሳሳተ እዚያው እናየዋለን። ብቻ ቀኝና ግራ ሳይባል በፊት ይድረስና እጄን ይያዘኝ። ፈራጁ ሲመጣ ተያይዘን ያግኘን። ከለየንም እሱ ራሱ ያላቅቀን።"