ጥቁሩን ማጣጣል

ፋና የጥቁሩን ፒያኖ የግራ ዳር ቁልፍ በጣቷ ተጫነችው። ቁልፉ ወረደ፤ ድምፅ አልወጣም። ፒያኖው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ መብራት ደግሞ ከትናንት ጀምሮ የለም።

ድምፅ ባይኖርም ጣቷ ነገራት። ቁልፉ ሲወርድ ከበድ አለ፤ ከውስጥ መዶሻው ሲነሳ ተሰማት፤ ስትለቀው ራሱ ጣቷን ገፍቶ መለሰው። ከዓምና ጀምሮ ስትፈልገው የኖረችው ይህንን ነበር። ሳቋ እስከ ጉሮሮዋ መጣ። ዋጠችው።

«እህስ?» አሉ አባቷ ጋሽ ታፈረ ከኋላዋ።

«ደረቅ ነው» አለች ፊቷን አኮሳትራ። «ጣት ይሰብራል።»

ጋሽ ታፈረ በደስታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጠዋት ያስተማሯት ገብቷታል።

ጋሽ ታፈረ ላሊበላ ውስጥ በቅሎ አከራይ ናቸው፤ ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም ገዳም ለሚወጣ እንግዳ ያከራያሉ። በቅሎ የሚገዙት ከኩልመስክ ወይም ከሙጃ ገበያ ነው። ሲገዙ የወደዷትን ያጣጥላሉ፣ ያልፈለጓትን ያሞግሳሉ። ይህ የእሳቸው ብልሃት ብቻ አይደለም፤ በዚያ አገር በቅሎ የሚገዛው እንዲህ ነው። ሻጩም ያውቃል። ገዢውም ሻጩ እንደሚያውቅ ያውቃል። ቢሆንም ሳያጣጥሉ መግዛት ነውር ነው፤ ሻጩ ራሱ ቅር ይለዋል።

ፒያኖ ሲገዛ ግን አይተው አያውቁም። «ያው የጋማ ከብት ነው ብለሽ ያዥው» ብለዋት ነው ከቤት የወጡት።

ፋና ቀን ቀን ትምህርት ቤት ሙዚቃ ታስተምራለች። እንግዳ በነበረ ጊዜ ማታ ማታ በአንድ ሆቴል ሳሎን ኪቦርድ ትጫወት ነበር። ባለፈው ነሐሴ አዲስ አበባ ወርዳ ለሙዚቃ ትምህርት ቤት ተፈተነች። ፈተናው በእውነተኛ ፒያኖ ነበር፤ እንጨትና ሽቦ፣ እያንዳንዱ ቁልፍ በውስጡ መዶሻ የሚያነሳ። የኪቦርድ ቁልፍ የለመዱ ጣቶቿ ግማሽ መንገድ እየወረዱ ተመለሱ። ከዜማው ግማሹ አልተሰማም። ፈታኙ «ዜማውን ታውቂዋለሽ፤ ጣትሽ ግን አልጠነከረም» አሏት። በመጪው ነሐሴ አንድ ጊዜ ብቻ እንድትሞክር ተፈቅዶላታል። ከዚያ በኋላ የመግቢያ ዕድሜዋ ያልፋል። እስከዚያ ጣቷን የሚያጠነክር ከባድ ቁልፍ ያለው ፒያኖ ካላገኘች መሄዱም ትርጉም የለው።

እንግዳ ሲጠፋ ሆቴሎች ተዘጉ፤ የተዘጉትን ሆቴሎች ዕቃ ሂሻም ገዛ። ሂሻም የወልዲያ ልጅ ነው። ከቅዳሜ ገበያ ዳር በተከራየው መጋዘን ውስጥ እስከ ጣሪያ የተከመረ ፍራሽ፣ በር የሌለው ፍሪጅ፣ የትራስ ተራራና ከሁለት ሆቴሎች የመጡ ሁለት ዲጂታል ፒያኖዎች አሉት፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ፤ ሁለቱም ሶኬት ላይ እንደተሰኩ ናቸው። ልዩነታቸውን ስለማያውቅ ለሁለቱም አንድ ዋጋ ጠርቷል። የፋና አቅም እዚያ ዋጋ ላይ ያበቃል። ቅንጣት ከጨመረ ባዶ እጇን ትመለሳለች።

«ጥርሱስ?» አሉ ጋሽ ታፈረ ወደ ቁልፎቹ ጎንበስ ብለው።

«ሙሉ ነው ጋሼ» አለ ሂሻም። «አንድም የወለቀ የለው።»

«የጥቁሩ ቢጫ ሆኗል። አርጅቷል።»

«ፀሐይ ነው እንጂ ዕድሜ አይደለም፤ ወላሂ።»

ፋና ወደ ቡናማው ዞረች። ቡናማው ያብረቀርቃል፤ ከቁልፎቹ በላይ ረድፍ ረድፍ አዝራሮች አሉት። ጣቷን ገና ስታሳርፍ ቁልፉ ወደ ታች ሸሸ። ክብደት የለው፣ መልስ የለው። ያው የሆቴሉ ኪቦርድ ነው፤ ልብሱን ቀይሮ መጣ እንጂ።

«ይሄ ግን ቅቤ ነው!» አለች።

«ቅቤ!» አሉ አባቷ። «ድሮም ቡናማ ነገር አያሳፍርም።»

ሂሻም እጁን አጣምሮ አንዴ እሷን አንዴ እሳቸውን አየ። ከዚያ ሳቀ።

«ጋሼ ታፈረ፣ የማን ልጅ መሰልኩዎት? አባቴ ወልዲያ ላይ የበሬ ነጋዴ ነው። ይህን ጨዋታ ጡት ሳልጥል ነው የማውቀው።»

«የምን ጨዋታ?»

«ጥቁሩ ዋጋው ጨመረ።»

«ይጨምራ! ማን ፈለገውና!» አሉ ጋሽ ታፈረ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ። ፋና ግን ደነገጠች። አፏን ልትከፍት ስትል ከፍራሾቹ ጀርባ ድምፅ መጣ።

«ጥቁሩን እኔ ወስጄዋለሁ።»

ወይዘሮ የሺሃረግ በብብታቸው ሁለት ትራስ ይዘው ብቅ አሉ። ዘግተውት የከረሙትን ሆቴላቸውን ለገና ሊከፍቱ ነው፤ ትራስ ሲመርጡ ቆይተው የተባለውን ሁሉ ሰምተዋል።

«እትዬ የሺሃረግ፣ እርስዎ ፒያኖ ምን ያደርግልዎታል?» አለች ፋና።

«ሳሎኑ ጥግ ላይ አቆመዋለሁ። እንግዳ ሲያየው ደስ ይለዋል። ደግሞ ካቆምኩ ጥሩውን ነው የማቆም።»

«ጥቁሩ እኮ ደረቅ ነው።»

«ሰምቼሻለሁ። እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። አባትሽ ያችን ዳማ በቅሎ ሲገዛት "ዕውር ናት፣ ለእግዜር ብዬ ነው የምወስዳት" ብሎ ነው። ዕውሯ በቅሎ እስካሁን ገደል ለገደል ፈረንጅ ታወጣለች!»

«የሺ፣ የሰው ገበያ አታበላሺ» አሉ ጋሽ ታፈረ። አብሮ አደጎች ናቸው።

«ገበያ የሚበላሸው ባንተ ምላስ ነው፣ ታፈረ።»

ፋና ሌላ መንገድ አልታያትም። «እሺ፣ እውነቱን ልናገር» አለች። «ጥቁሩ ግሩም ነው። እንዲህ ያለ ፒያኖ ነክቼ አላውቅም። የፈለግሁት እሱን ነው። ቡናማው ነው የማይረባው።»

ከበር ላይ ተሸካሚዎችና ገበያተኞች አንገታቸውን አስግገዋል።

«ይኸው!» አሉ ወይዘሮ የሺሃረግ። «አሁን ደግሞ ልታስጥለኝ ነው።»

«እውነቴን ነው!»

«ቆይ፣ ቆይ።» ወይዘሮ የሺሃረግ ትራሶቹን መሬት አስቀመጡ። «መጀመሪያ ጥቁሩን አጣጣለችው። ስለዚህ ፈልጋዋለች። እኔ ስመጣ አሞገሰችው። ስለዚህ አልፈለገችውም። ስለዚህ የፈለገችው ቡናማውን ነው።»

«ቡናማውንም መጀመሪያ አሞግሳው ነበር» አለ ሂሻም። እሱም ግራ ገብቶታል።

«ስለዚህ ቡናማውንም አልፈለገችውም።»

«ታዲያ ምን ልትገዛ መጣች?»

«ትራስ!» አለ ከበሩ አንዱ ተሸካሚ፤ ገበያው በሳቅ ፈረሰ።

ጋሽ ታፈረ ልጃቸውን ሊረዱ ቀኝ እጃቸውን አነሱ። «በአሸተኗ እምላለሁ፣ ልጄ የምትፈልገው ጥቁሩን ነው!»

«በቅሎዋ ዕውር ናት ስትልም በአሸተኗ ነው የማልክ!» አሉ ወይዘሮ የሺሃረግ።

ጋሽ ታፈረ እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። በእርግጥ ምለው ነበር።

ፋና ሳቀች። ከጠዋት ጀምሮ የዋጠችው ሳቅ አንድ ላይ ወጣ፤ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ። ለመቆም ስላቃታት ከጥቁሩ ፒያኖ ፊት ለፊት ከነበረ የሆቴል ወንበር ላይ ተቀመጠች። እጇ ቁልፎቹ ላይ አረፈ፤ አላነሳችውም። መጫወት ጀመረች።

ምንም አይሰማም። የሚሰማው የቁልፎቹ ኳ፣ ኳ ብቻ ነው፤ የእንጨት ድምፅ። ነሐሴ ላይ ፈተናው ውስጥ የጠፋባትን ዜማ ነው የያዘችው። ዓምና ያልወረዱት ጣቶች አሁን እስከ ታች ወረዱ። ቁልፉ ይገፋታል፣ ትገፋዋለች። ፈጠን አደረገችው። ትንሿ ጣቷ ዛለች፤ አልተወችም። ከንፈሯን ነክሳ፣ ትከሻዋ እየዘለለ፣ ብቻዋን በምትሰማው ዘፈን ትፈነጥዛለች።

ጋሽ ታፈረ ሙዚቃ አያውቁም። የበቅሎ እርምጃ ግን ያውቃሉ፤ ማን ከማን ጋር እንደተስማማ ከአረጋገጥ ይለያሉ። የልጃቸውን የእጅ አንጓ ዝቅ ብለው አዩ። «ረገጠች» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ እንደ ጭነት ኮቴ ቋሚውን ምት በጭብጨባ ይቆጥሩት ጀመር። ተሸካሚዎቹ ተከተሏቸው። መጋዘን ሙሉ ሰው ለማይሰማ ዘፈን አጨበጨበ።

«ኧረ ምንም አይሰማም እኮ!» አሉ ወይዘሮ የሺሃረግ። «ምን ሆና ነው እንዲህ የምትሆነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ ሂሻም፣ እያጨበጨበ።

ወይዘሮ የሺሃረግ በዳሌያቸው ፋናን ገፋ አድርገው ከወንበሩ ጫፍ ተቀመጡ። ጥቁሩን በአመልካች ጣታቸው ጫን አሉት። «ይገፋል!» አሉ። ደገሙት። «ምን ነክቶት ነው፣ ይታገላል እኮ!» ተነስተው ወደ ቡናማው ሄዱ። እዚያ ቁልፉ ዝም ብሎ ወረደላቸው። ደስ አላቸው። አዝራሮቹንም አንድ በአንድ ጫኑ፤ ሁሉንም።

ከዚያ ተመልሰው የፋናን ፊት አተኩረው አዩ። ፋና አሁንም ታለከልካለች።

«እንዲህ ያለ ፊት ለገበያ ብሎ ማንም አያወጣውም» አሉ። «አንቺ ጥቁሩን ውሰጂ። እኔ የማይታገለኝን እወስዳለሁ። ነገር ግን ማታ ማታ እየመጣሽ በቡናማው ትጫወችልኛለሽ፤ ያለ እሱ አልለቅም።»

ፋና ከጥቁሩ ወደ ቡናማው አየች። ቀን በጥቁሩ የጠነከረ ጣት ማታ በቡናማው ይሰንፋል። እምቢ ካለች ደግሞ ጥቁሩ ሳሎን ጥግ ቆሞ የእንግዳ መመልከቻ ሆኖ ይቀራል። አባቷ «እሺ በይ» የሚል ዓይን አሳዩዋት።

«እሺ...» ማለት ስትጀምር መብራት መጣ።

ቡናማው ጮኸ። ወይዘሮ የሺሃረግ ከጫኗቸው አዝራሮች አንዱ ነው፤ ማንም ሳይነካው ከነከበሮው፣ ከነጥሩንባው፣ የሆነ የሠርግ የሚመስል ፈጣን ዘፈን በሙሉ ኃይሉ ለቀቀ። በር ላይ የነበሩት ወደ ኋላ ሸሹ። አንዲት ሴት «ስመ አብ!» አለች። ሂሻም «ቢስሚላህ!» ብሎ የሚያጠፋውን ፈለገ፤ ሌላ አዝራር ቢጫን ዘፈኑ ፈጠነ።

ወይዘሮ የሺሃረግ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆሙ። ከዚያ እጃቸው ወረደ፤ ትከሻቸው ተነሳ። «ራሱ ይጫወታል እኮ!» እያሉ እስክስታውን ያዙት። «ሰው አይፈልግም! ደመወዝ አይፈልግም! ሂጂ አንቺ፣ ነፃ ነሽ!»

በዚያ ጫጫታ ውስጥ ፋና ጥቁሩ ላይ ጆሮዋን አስጠግታ አንድ ቁልፍ ነካች። በቀስታ ነካችው፤ በቀስታ መለሰ። ጠንከር አድርጋ ነካችው፤ ጮኸ። ጣቷ የነገራት ሁሉ እውነት ነበር። አንገቷን ቀና አድርጋ አባቷን ፈለገች። አባቷ ከወይዘሮ የሺሃረግ ጋር ትከሻ እየመቱ ነው።

ዘፈኑ ሲያበቃ ሂሻም ግንባሩን ጠረገ።

«ዋጋው?» አሉ ጋሽ ታፈረ እያለከለኩ። «ለዚህ ደረቅ ነገር...»

«ጋሼ ታፈረ፣ በአላህ ይተውኝ! መጀመሪያ በጠራሁት ይውሰዱት። የእርስዎን ምላስ ከመስማት በሬ መሸጥ ይሻለኛል።»

ጥቁሩ ከባድ ነበር፤ መዶሻዎቹ ናቸው ክብደቱ። ጋሽ ታፈረ በበቅሎ እንጫነው አሉ፤ ፋና አልሰማቸውም። ተሸካሚዎቹ በሽተኛ የሚወሰድበትን ዓይነት ቃሬዛ ከሁለት አጣናና ከገመድ አሰሩ። ፒያኖውን አጋደሙት፤ አቧራ እንዳይገባው የጋሽ ታፈረን ጋቢ አለበሱት። ሽቅብ ጉዞ ተጀመረ።

በዚያ አገር ቃሬዛ ያየ ሰው ትከሻውን ሳይሰጥ አያልፍም። ከገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች ከሩቅ ሲያዩ ዱላቸውን ለሚስቶቻቸው እየሰጡ መጡ። ሳይጠይቁ ከአጣናው ሥር ገቡ፣ የደከመውን አስለቀቁ።

«እግዜር ይማረው» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ ከፋና ጎን እየሄዱ። «ምን አገኘው?»

«አልታመመም፣ አባቴ። ፒያኖ ነው።»

ሽማግሌው የጋቢውን ጫፍ ገለጥ አደረጉ። ነጭና ጥቁሩን አዩ። መልሰው ሸፈኑት።

«ጥርሱ ደህና ነው» አሉ።

ከፊት የነበረው ተሸካሚ ሳቅ ይዞት ጉልበቱ ከዳው፤ ቃሬዛው ተንገዳገደ፤ ሁሉም እየሳቀና እየጮኸ ደገፈው። ፋና ከኋላ ሮጣ አንድ እጇን ከሥር ሰጠች። ነገሩ በወሬ ቀድሟቸው ሄዶ ኖሮ ከየደጁ ሰው ወጣ። ትከሻ የሚሰጠው በዛ፤ በመጨረሻ ተሸካሚዎቹ ራሳቸው የሚይዙበት ቦታ አጥተው ከጎን ከጎን ሄዱ። ጋሽ ታፈረ ከፊት ከፊት እየመሩ ለጠየቃቸው ሁሉ «የማይረባ ዕቃ ነው፣ ተሸወድን» ይሉ ነበር።

ፋና በነሐሴ ተፈተነች። አለፈች።