ትከሻው የጎደለ ጊታር

ጊታሩ ቆንጆ ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ ያኔ የሰማኝ አልነበረም።

ቀለሙ ቡናማ ነው፤ ዳር ዳሩ ወደ ጥቁር ያደላል፣ መሐሉ እንደ ማር ይበራል። አራት ወፋፍራም ክሮች አሉት፤ ቤዝ ጊታር የሚሉት ነው። ሆዱ ባዶ ስለሆነ በትንሽ ቤት ውስጥ ያለ ኤሌክትሪክም ይሰማል። ከአንገቱ ግራና ቀኝ ሁለት ትከሻ ይኖረዋል ብሎ ሰው ይጠብቃል፤ ያለው ግን አንድ ነው። በሌላው በኩል ትከሻው ሊጀምር ሲል ወደ ውስጥ ታጥፎ ይገባል፤ ለስላሳ፣ ክብ ቅድ። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ቅድ ነው።

እኔ ባሌ ካረፈ በኋላ ልጆቼን ያሳደግሁት ቀሚስ እየሰፋሁ ነው። ጊታሩን መጀመሪያ ሳየው የቀሚስ ብብት መሰለኝ። ክንድ እንዲገባ ጨርቁን የምንቀደው እንደዚያው ነው። ታላቋን ልጄን፣ "እዚህ ጋ እጅ ይገባል፣ አይደል?" አልኳት።

"አዎ እማዬ፤ ቀጭኑን ድምፅ ለማግኘት እጄ እስከዚህ ድረስ መውረድ አለበት" አለችኝ።

በቃ። ከዚያ በላይ ማወቅ አላስፈለገኝም።

ጊታሩን የሰጠቻት በሚስዮኑ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ታስተምር የነበረች ፈረንጅ ናት። አገሯ ስትመለስ ለልጄ ትታላት ሄደች። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ በነቀምቴ ቤዝ ጊታር የምትመታ ሴት ከእሷ ሌላ አላየሁም። እግዚአብሔር ያቺን መምህርት ባለችበት ይባርካት። ምክንያቱም ልጄ አባቷ ከሞተ ወዲህ ንግግር ትታ ነበር። "በላሽ?" ሲሏት ራሷን ትነቀንቃለች፣ "ደከመሽ?" ሲሏት ራሷን ትነቀንቃለች። ያ ጊታር ቤታችን ከገባ በኋላ ነው ደግማ ማውራት የጀመረችው፤ መጀመሪያ ስለ ክሮቹ፣ ቀጥሎ ስለ መዝሙሩ፣ በኋላ ስለ ሁሉም ነገር። እኔ ብዙ ማውራት አልወድም፤ የእሷን ወሬ ግን ቀኑን ሙሉ ብሰማ አልጠግብም ነበር።

ከተማው ግን ጊታሩን ሲያይ ቅዱን ብቻ ነው ያየው። የስፌት ክር የምገዛው ከአንድ የጉራጌ ባለሱቅ ነበር። ልጄ ጊታሩን ይዛ አብራኝ ስትገባ አየና፣ "እህቴ፣ ይሄ ነገር በጭነት መኪና ሲመጣ አይጥ በልቶት ነው?" አለ። እሱን ሣቅሁለት፤ ቀልዱን መሆኑን አውቃለሁ። በገበያ ያገኘናት ሴት ግን የምሯን ነው። በጣቷ ቅዱን ነክታ፣ "ምስኪን፣ ተሰብሮባችሁ ነው? ኩን ማሊ?" አለች፤ ይሄ ምንድን ነው ማለቷ ነው። ሌላዋ ጆሮው የተሰበረ እንስራ ይመስላል አለች። ሰው የማያውቀውን ነገር ምን እንደሆነ ከመጠየቅ፣ ምን እንደጎደለው መናገር ለምን እንደሚቀለው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ይህ ሁሉ ያልፋል። ያላለፈው የቤተ ክርስቲያናችን ነገር ነው።

በእኛ ዘንድ አዝመራው ሲሰበሰብ የምስጋና እሑድ አለ። ሁሉም ከደጁ የበረከተውን ይዞ ይመጣል፤ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ማር፣ ዶሮ፣ ፍየል። ሽማግሌዎች በር ላይ ቆመው ይቀበላሉ። ሲቀበሉም ያያሉ። ጆሮዋ የተቀደደ ፍየል፣ አፉ የተሸረፈ ገንቦ አይገባም፤ ባለቤቱ አፍሮ ይመልሰዋል። ለእግዚአብሔር ሙሉ ነገር ነው የሚሰጠው። ልማዱ መልካም ነው፤ እኔም በእሱ ነው ያደግሁት።

የሽማግሌዎቹ አለቃ የባሌ ታላቅ ወንድም ነበር። ጋሼ ነው የምለው። እሱ ደግሞ እንደ ቤተ ዘመዶቹ ሁሉ "ሃዳ ኢጆሌ" ይለኛል፤ የልጆች እናት ማለት ነው። ልጄ በምስጋናው እሑድ ከመዘምራኑ ጋር ልትመታ መሆኑን ሲሰማ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ ቤታችን መጣ። ጊታሩን አስመጣ። ፍየል እንደሚያይ ሰው ዞሮ አየው፤ ሆዱን መታ መታ አደረገ፣ ጀርባውን ገለበጠ፣ ከዚያ እጁን ቅዱ ውስጥ ከተተ።

"ሃዳ ኢጆሌ፣ የዚህ አንዱ ትከሻ የት ሄደ?"

"አልነበረውም ጋሼ። ሲሠራ ነው እንዲህ የተሠራው።"

"ጎዶሎ አድርጎ የሚሠራ ሠሪ አለ?"

"ጉድለት አይደለም፤ እንደ ብብት ነው። ቀሚስ ሰፍቼ ብብቱን ብደፍነው ማን ይለብሰዋል?"

"ጊታር ክንድ አለው እንዴ?" አለ አንዱ ሽማግሌ፤ ሦስቱም ሣቁ።

ከመዘምራኑ አንድ ጎረምሳ እኛ ቤት ነበር፤ ሊያግዘን ፈልጎ፣ "አባባ፣ አዲስ አበባ ያየሁት ደግሞ በሁለቱም በኩል የተቀደደ ነው። ሁለት ቀንድ አለው" አለ።

"ቀንድ!" አለ ጋሼ። "ጭራሽ ቀንድ!"

ጎረምሳው ቀስ ብሎ ወደ ደጅ ወጣ።

ጋሼ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ባሌ ሲሞት ያረሰልን እሱ ነው፤ ውለታውን አልረሳም። ለዚያ ነው ነገሩ የበለጠ ያንገበገበኝ። ልጅቱን አትመታም አላለም። "ሙሉ ይደረግና ይግባ" አለ። ፍየል ቢሆን ጆሮው አይቀጠልም፤ እንጨት ግን ይቀጠላል፣ አናጢ ምን ሊሠራ ነው አለ። በበጎ አሳብ ነው ያለው። እየተቆጣሁም ቢሆን ጊታሩን አስረከብሁት።

ጊታሩን ለአናጢው ሰጡት፤ የቤተ ክርስቲያኑን አግዳሚ ወንበሮች የሠራው ነው። ቅዱን በልኩ ለክቶ በዋንዛ እንጨት ሞላው፣ በሙጫ አጣበቀው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፣ ቀለሙን አመሳሰለው። መገጣጠሚያውን ዓይን አያገኘውም። ሌላ ሥራ ቢሆን እጁን በመረቅሁለት። ልጄ ስታየው በአንድ እጇ አዲሱን ትከሻ ዳሰሰችና ወደ ጓዳ ገባች።

እሑድ ደረሰ። ጊታሩ ሲገባ በር ላይ የቆሙት ሽማግሌዎች ደስ አላቸው። ጀነሬተሩ ተነሣ፣ ድምፅ ማጉያው ተከፈተ፣ መዝሙሩ ተጀመረ። መጀመሪያው መልካም ነበር፤ ወፍራሙ ድምፅ ከእግሬ ሥር ሲመጣ ይሰማኛል። መዝሙሩ ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ ሲደርስ የልጄ እጅ ወደ ታች ወረደና ዋንዛው ላይ ተጋጨ። በጣቷ ጫፍ ልታልፈው ሞከረች፤ ክሩ አንድ ጊዜ አቃሰተ። ከዚያ መዳፏን በክሮቹ ላይ አሳርፋ ቆመች። መዘምራኑ ያለ እሷ ጨረሱት።

ከጸሎት በኋላ ሰው ተሰብስቦ ምን ቢል ጥሩ ነው? "አሁን ጊታር መሰለ! እንዴት አማረ!" አንድ ሰው እንኳ ለምን ዝም አልሽ ብሎ አልጠየቃትም። የሚያዩት መልክ ሞልቷል፤ የጎደለውን ድምፅ የሰማው የለም። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ያን ቀን በእግዚአብሔር ቤት ደጅ ላይ ጥርሴን ነክሼ ነው የቆምሁት።

ልጄ ቤት ስትደርስ ጊታሩን ከበሩ ኋላ አቆመችው። "በላሽ?" ስላት ራሷን ነቀነቀች። ሰነበተች እንደዚያ። ከቁጣም ሌላ ፍርሃት ያዘኝ።

አናጢውን አውጣው አልሁት። "የሽማግሌ ትእዛዝ ነው፣ አልነካም" አለኝ። እሺ። ሙጫ በምን እንደሚለቅ ግን አውቃለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ የከሰል ካውያዬን አግዬ፣ እርጥብ ጨርቅ በመገጣጠሚያው ላይ አድርጌ እንፋሎቱን አስገባሁበት። ልጄ ከጓዳ በር ላይ ሆና ታየኛለች። ካውያውን አነሣለሁ፣ ጨርቁን አርሳለሁ፣ እመልሳለሁ። ቀለሙ እዚያ ቦታ ላይ ነጣ። አልተውሁም። በመጨረሻ ዋንዛው በእጄ ላይ ወጣ።

"እማዬ፣ ጋሼ ምን ይላል?" አለች። ድምፅዋን ስሰማ ካውያውን ልጥለው ነበር።

ጋሼ ያለው አጭር ነው። "እንዲህ ሆኖማ አይገባም።"

እኔም አልለመንሁም። እኅቴ አኖ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው ያገባችው፤ እዚያ ገና የተጀመረች ትንሽ ጉባኤ ነበረች፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ኤሌክትሪክ የላትም። በአውቶቡስ ጊታሩን በጋቢ ጠቅልለን በጉልበታችን ላይ ይዘን ሄድን። ረዳቱ፣ "ሬሳ ነው እንዴ? ሬሳ ከሆነ ወደ ላይ!" እያለ ተሳፋሪውን ሲያሥቅ ነበር። አኖ ስንደርስ አንዲት አሮጊት ጋቢውን ገልጣ አየችና ልጄን፣ "ኢንታላ፣ እጅሽን እዚህ ነው የምታስገቢው?" አለቻት፤ ኢንታላ ልጅት ማለት ነው። ሳይነገራት! ላቅፋት ፈልጌ ነበር።

ልጄ መታች። እጇ ያለ ከልካይ ወረደ። ያቺ ቤት ጠባብ ስለሆነች ድምፁ በጭቃው ግድግዳ መሐል ሲዞር ይሰማል። አለቀስሁ፣ ተመስገን አልሁ። በምስጋናዬ መሐል ግን ይህ በረከት የእኔው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ነበር፣ በትከሻ ሰበብ መለሱት እያልሁ እቆጣ ነበር። ሁለቱ አብረው ይሆናሉ።

ከዚያ ወዲያ እየተመላለስን አገለገለች። ወሬው ነቀምቴ ደረሰ። አንድ እሑድ ቀና ስል ጋሼ በኋለኛው ወንበር ላይ ተቀምጧል። እስከ መጨረሻው ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ወጥተን ሰላምታ ስንለዋወጥ፣

"ሃዳ ኢጆሌ፣ መልኩን አሁንም አልወደድሁትም" አለኝ።

"ዓይንዎን ማን ጠየቀው ጋሼ? ስትመታ ጨፍነውት አልነበር?"

በጺሙ ውስጥ ፈገግ አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ለፋሲካ ይዛችሁት ኑ። አንቺ ሰፊ ነሽ፣ ልብስ ስፊለት። የጎደለው በኩል ጥጥ ጠቅጠቅ አድርጊበትና ሙሉ ይምሰል። ልጅቱም ጥጡን ጨፍልቃ እጇን ታስገባለች" አለኝ።

አሳቡን ሲያወጣና ሲያወርድ እንደሰነበተ ያስታውቃል። ለእሱ ትልቅ መሸነፍ ነው። ለእኔ ግን ደሜ ፈላ። እግዚአብሔር የሚያየውን በጥጥ ልንሸፍን!

"ጋሼ፣ ያረሱልንን እህል እግዚአብሔር ይክፈልዎ" አልሁት። "እኔ ግን ለሚለብስ ሰው ነው የምሰፋው።"

ጊታሩን በጋቢው ጠቀለልሁ። እሱም ወደ አውቶቡሱ ሄደ።

የፋሲካ ጠዋት ጊታሩን እንዳለ ይዘን ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ሄድን፤ ቅዱም፣ ካውያው ያነጣው ቦታም እንደሚታይ። ጋሼ በር ላይ ቆሟል። ልጄ ፊቱ ቆመች። ከኋላችን ሰው ተደረደረ፤ የሚንሾካሾክ ነበር። ጋሼ ጊታሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ልጅቱን ብዙ አየ፤ ወንድሙን ትመስል ነበር። ከዚያ ወደ ጎን ፈቀቅ አለና በኦሮምኛ "ሴኒ" አላት፤ ግቢ ማለት ነው።

ገባች። መታችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትዳር ድረስ በዚያ መድረክ ላይ እሷ ነበረች፤ ዝምታዋም ተመልሶ አልመጣም። ስለዚህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ ጋሼንም አመሰግናለሁ፣ ነፍሱን ይማር።

ግን አንድ ቀን እንኳ ጊታርሽ ያምራል ቢላት ምን ነበረበት? እኔ የፈለግሁት ያንን ነበር። እስኪያርፍ ድረስ አላለም፤ እኔም እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።