አንድ ጣሳ የፖም ጠጅ

ልጄ ከሱቅ የፖም ጭማቂ ገዝታ መጣች። ግማሹን ጠጥታ ግማሹን እቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው። ጮኽሁባት። «እማዬ፣ ጭማቂ እኮ ነው!» አለችኝ ደንግጣ። እሷ ምን ታድርግ? ንዴቴ በእሷ አልነበረም።

ልጅ ሆኜ፣ በደርግ ዘመን፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ባለች መንደር ነበር የምንኖረው። አባቴ ቄስ ነበሩ። ከአንድ የግብርና ሠራተኛ ያገኟቸውን ሁለት የፖም ችግኞች ጓሯችን ተክለው ስለነበር፣ በዚያ አካባቢ ፖም ያለው ቤት የእኛ ብቻ ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ፍሬው ይደርሳል። ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ዛፉ ላይ ወጥቶ ያወርዳል፣ በሙቀጫም ይወቅጣል፤ እኔና እናቴ በንጹሕ ጨርቅ እንጨምቃለን። ጭማቂው በወይራ በታጠነ ጋን ይገባና አፉ ይታሰራል። ጌሾ የለው፣ ማር የለው፣ በራሱ ጊዜ ትሽ ትሽ እያለ ይፈላል። በሦስተኛው ቀን፣ ጣፋጭነቱ ሳይለቀው ምላስ ቆንጠጥ ማድረግ ሲጀምር፣ ለእኛ ለልጆች አንዳንድ ጣሳ ይቀዳልናል። ከዚያ በኋላ ጠጅ ነው፣ የአዋቂ ነው። ቤቱ፣ ልብሳችን፣ እጃችን ሁሉ ፖም ፖም ይሸታል። ዓመቱን ሙሉ የምንጠብቀው ያቺን ጣሳ ነበር።

አንድ ዓመት ግን የውትድርና ምልመላ መጣ። ደምሴ ዐሥራ ስምንት ሊሞላው ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ስሙን ጠርቼ አፌን አላቆሽሽም፣ ቤታችን ጎራ ብሎ ጋኑን አየና እናቴን «እትዬ አልጋነሽ፣ ይኼ ሲደርስ ይጥሩኝ። የልጁን ነገር ለእኔ ይተዉት» አላት። አመነችው። ምን ምርጫ ነበራት! «ዘንድሮ ለልጅ የሚቀዳ የለም» ብላ እኔን የጋኑ ዘበኛ አደረገችኝ።

በሦስተኛው ቀን ደምሴ ከእርሻ ገብቶ ጋኑ አጠገብ ቁጢጥ አለ። «ዘበኛዋ፣ አንዲት ጣሳ ብቻ! ወላሂ ለማንም አልናገርም» አለኝ እየሳቀ። የቄስ ልጅ ሆኖ «ወላሂ» ሲል አባቴ ይቆጡት ነበር፤ አብሮ አደጎቹ እስላሞች ናቸውና አፉ አልተው አለው እንጂ። «እምቢ! ለእማዬ እነግርብሃለሁ» አልኩት። ዐሥር ዓመቴ ነበር፤ ሥልጣን ጥሞኛል። «የወቀጥኩት እኮ እኔ ነኝ» አለ። እምቢ አልኩ። ፀጉሬን ዳበስ አድርጎ ወጣ።

በስምንተኛው ቀን ሊቀ መንበሩ ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። ጠጁን በዋንጫ በዋንጫ ገለበጡት። «አቤት! ይኼን ለአብዮት ጠላት መቅዳት ወንጀል ነው» እያለ ሳቀ። እናቴም አብራ ሳቀች። ያንን ሳቋን ሳስበው እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ሲወጣ «ሐሳብ አይግባዎት እትዬ፣ ልጅዎ የእኔም ልጅ ነው» አላት።

አራት ቀን አልቆየም። ጠዋት ከታጣቂዎች ጋር መጥቶ ደምሴን ከበረት ሲወጣ አስያዘው። አባቴ መስቀላቸውን ይዘው ቢለምኑ ማን ሊሰማቸው! «ኮታው አልሞላልኝም፣ አባ» አላቸው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ፣ ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረበትም፣ «ከዚያች ነገር የተረፈ አለ?» ብሎ ጠየቃት። አለ እንጂ! እናቴ ጋኑን ከጓዳ እየጎተተች አወጣችና ደጃፉ ላይ ከድንጋይ አጋጭታ ሰበረችው። «ላስ! በል ከመሬት ላስ!» አለችው። ደምሴን እጁን አስረው ሲነዱት ግቢው ሁሉ ፖም ፖም ይሸት ነበር።

አልተመለሰም። ወረቀትም፣ ሬሳም አልመጣልንም። እናቴ ሁለቱንም ዛፎች በገዛ እጇ በመጥረቢያ ጣለቻቸው። ሰውዬው ግን አርጅቶ፣ ልጆቹ ከበውት፣ አልጋው ላይ ሞተ። አገር ምድሩ አለቀሰለት አሉ። እኔ ለቅሶ አልደረስኩም፤ አልደርስምም።

ዛሬ ፖም በየሱቁ ደጃፍ ተቆልሏል፤ ጭማቂው በካርቶን ተደርድሯል፣ ዘበኛ የለው፣ ሦስተኛ ቀን የለው። ልጄ ከጠገበች ትደፋዋለች። ሰውዬውን ይቅር አልለውም፤ ያቺን የዐሥር ዓመት ዘበኛም እንዲሁ። ያቺን ጣሳ ብቀዳለትም ያው ይወስዱት ነበር፤ አውቃለሁ። ግን ቀምሶ ይሄድ ነበር።