አንድ ሥራ ለሁለት ሰው

ቢሯችን መቀሌ ሓወልቲ አካባቢ፣ ከአንድ ካፌ በላይ ነበር። የትኛው መድኃኒት በየትኛው ፋርማሲ እንደሚገኝ በስልክ የሚያሳይ መተግበሪያ እንሠራ ነበር። ስቀጠር ጠረጴዛዎቹ ሁሉ ሰው ነበራቸው፤ ክረምቱ ሲወጣ ግን ብቻዬን ቀረሁ። አንዱ ባንክ ገባ፣ ሌላው አዲስ አበባ ሄደ፣ የቀሩትም ሳይሰናበቱ መምጣት አቆሙ። ድርጅቱን ያቋቋሙት ሁለት ጓደኛሞች ተኳርፈው ስለነበር ምን ልሥራ ብዬ ስጠይቅ አንዱ የሚነግረኝን ሌላው አያውቀውም።

ከደሴ ነው የመጣሁት። ጠዋት የካፌዋ ልጅ “ከመይ ሓዲርካ” ስትለኝ “ጽቡቕ” እላታለሁ፤ ትግርኛዬ እዚያው ያልቃል። ከዚያ በኋላ ሰው ሳላናግር የምውልበት ቀን ብዙ ነበር።

አንድ ቀን የሠራሁትን ላሳይ ሰሜን ክፍለ ከተማ ወዳለ ፋርማሲ ሄድኩ። ባለቤቷ ትልቅ ሴት ናቸው። ስልኬን አይተው፣ “ይሄን አንዲት ልጅ አሳይታኝ የለም እንዴ፣ ሓወይ?” አሉኝ፤ ወንድሜ ማለታቸው ነው። የተሳሳቱ መስሎኝ ነበር። የራሳቸውን ስልክ ሲከፍቱ ስሙም ምልክቱም የኛው ነው፤ ውስጡ ግን የኔ አይደለም።

ከሁለቱ አለቆቼ ወደ አንዱ ደወልኩ። ልጅቷን የቀጠራት ያኮረፈው ጓደኛው እንደሆነ፣ እሱ የነገረኝ መስሎት እንደነበር ገለጸልኝ። የልጅቷን ስልክ ቁጥር ከፋርማሲዋ ባለቤት ተቀብዬ ደወልኩላትና ዓዲ ሓቂ፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ተገናኘን። የቀጠራት ሰው ድርጅቱ ቢሮ የለውም ብሏት ከኪራይ ክፍሏ ነበር የምትሠራው።

“ብቻህን ነህ?” አለችኝ።

“ብቻዬን ነኝ።”

“እኔም” አለችና ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ጠፋ።

ኮምፒውተሮቻችንን ጎን ለጎን ከፈትን። የአንድ መድኃኒት ስም በተለያየ ፊደል ሲጻፍ የሚፈጠረውን ችግር ሁለታችንም፣ ሳንተዋወቅ፣ በአንድ ዓይነት መንገድ ፈትተነዋል። የሷ ግን ኔትወርክ ሲጠፋም ይሠራል። ኔትወርክ ያን ያህል ጊዜ ተቋርጦበት በኖረ ከተማ ይህን አለማሰቤ ገረመኝ። ሥራዬ የሚገባው ሰው ካገኘሁ ቆይቼ ስለነበር ሳወራ ዋልኩ።

የሷ እንዲቀጥል፣ እኛም አብረን እንድንሠራ ለሁለቱም አለቆች ጻፍኩ። እሺ ለማለት በጣም ቆዩ። እሺ ሲሉ እሷ ሌላ ሥራ ይዛ ነበር።

አሁን የሷን ሥራ የማስቀጥለው እኔ ነኝ። በኮዱ መሀል ለራሷ የጻፈቻቸው የትግርኛ ማስታወሻዎች አሉ። አንዱ “እዚ ጽባሕ ክርእዮ እየ” ይላል። ትርጉሙን ልጠይቃት ደወልኩ።

“ይሄን ነገ አየዋለሁ ማለት ነው” አለችኝ። ከኋላዋ የሰዎች ሳቅ ይሰማል። ስብሰባ እንዳላት ነግራኝ ስልኩን ዘጋች።