ማን አረመው?

ፈጥኖ የሚመልስ ነገር አላምንም። ይህን ያወረሰኝ አባቴ ነው። የቤተ ክህነት መምህር ነበርና፣ ተማሪ ትምህርቱን በቃሉ ሲያንበለብልለት ደስ ከመሰኘት ይልቅ ፊቱን ቋጠር ያደርግ ነበር።

ጎንደር ውስጥ በምሠራበት ሆስፒታል የታካሚዎች የመረጃ ቋት በእኔና በአንድ ባልደረባዬ እጅ ነው። ድሮ ካርድ ክፍሉ ስም ባስገባ ቁጥር ማሽኑ ዲስክ ላይ ሲፈልግ ይቆያል፤ ከኮሶዬና ከትክል ድንጋይ ጎህ ሳይቀድ የተነሣ ሰው ሰልፍ ላይ ይደርቃል። ባልደረባዬ ሰንጠረዦቹን በሙሉ ከዲስኩ ቀድቶ፣ ማሽኑ ቶሎ በሚያስታውስበት ሜሞሪ ላይ ጫናቸው። ከዚያ ወዲያ ስሙ ተጽፎ ሳያልቅ መልሱ ከች ይላል። ሁሉም አመሰገነው። እኔ ግን ጠረጠርሁ። ዲስኩ ላይ አዲስ ነገር ተጽፎ፣ ሜሞሪው አሮጌውን ይዞ ቢቀርስ? ሜሞሪውን የጠየቅሁትን እየተደበቅሁ መልሼ ዲስኩን እጠይቅ ጀመር።

"ምነው፣ ሌባ ልትይዢ ነው?" ይለኛል ባልደረባዬ እየሳቀ።

አባቴ ግን አልሳቀም። "ማሽኑ መዝገቡን በቃሉ ይዞታል" ብዬ ብነግረው፣

"ማን አረመው?" አለኝ።

በእነርሱ ትምህርት ቤት በቃል የተያዘ ነገር መምህር ፊት ቀርቦ ካልታረመ እንደተያዘ አይቆጠርም። ወገን አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

በዚህ ክረምት አባቴን ሳንባውን አሞት ወደዚያው ሆስፒታል ወሰድሁት። ነርሷ ፔኒሲሊን ልትወጋው ስትል ስክሪኑ ላይ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ፤ ይህ መድኃኒት ለእርሱ አይሰጥም ይላል።

"አባ፣ ፔኒሲሊን ሰውነትዎን አስቆጥቶት ያውቃል?" አለችው።

"ኧረ እኔ! መርፌ የሚባል ነክቶኝም አያውቅ" አለ፣ ሳያመነታ።

ያዝሁት! አልሁ በልቤ። ማሽኑ የሌላ ሰው ታሪክ ነው የሰጠን። ነርሷን ትንሽ እንድትቆየኝ ለምኜ፣ ለባልደረባዬ የምለውን እያዘጋጀሁ ወደ ክፍሌ ሮጥሁ። ዲስኩን ጠየቅሁ። ያው ነው። እኔ ለትምህርት ርቄ ሳለሁ መርፌ ተወግቶ ፊቱ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት እዚሁ ተኝቶ ነበር። አስታማሚ ተብላ የተጻፈችው ሟች እናቴ ናት። እንዳልጨነቅ ብለው ሳይነግሩኝ ቀርተዋል መሰለኝ።

ሌላ መድኃኒት ታዘዘለት። "አባየ፣ እማየ አንድ ጊዜ እዚህ አላስተኛችህም?" አልሁት።

"መቼ?" አለኝ። እየዋሸ አልነበረም። ፈራሁ።

ድኖ ቤት በገባ በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ጸሎቱን በቃሉ ጀመረ። ወትሮ ድምፁን እየሰማሁ ጓዳ ለጓዳ ሥራዬን እሠራ ነበር። ያን ቀን ግን የጸሎት መጽሐፉን ቀስ ብዬ ከማኅደሩ አወጣሁና አጠገቡ ተቀምጬ በጣቴ እየተከተልሁ አዳመጥሁት።

አንድ ቃል አልሳተም። ጣቴን ግን እስከ መጨረሻው አላነሣሁም።