ክዳኑ የተነሳው ጎተራ

ቦዲቲ ልጄ ዘንድ በሄድኩ ቁጥር የልጅ ልጆቼ የልጅነትሽን ንገሪን ይሉኛል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምናገረውን የምትጽፍልኝ ትልቋ ናት። ይህ የሆነው ጣሊያን ሊገባ ሲል፣ አባቴ በዘመተበት ዓመት ነው። ቦሎቄ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ቤታችን ከሶዶ ወረድ ብሎ ነበር። እናቴ ከወለደች ገና ሳምንቷ ነው። አራስ ደግሞ ምች ይመታታል ተብሎ ፀሐይ አትወጣም። ስለዚህ ቦሎቄውን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ፤ አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ዝናቡ አላቆም ቢለኝ ሳይደርቅ ጎተራ ከተትኩት። ጥፋቴ እሱ ነው።

በአራተኛው ቀን እጄን ብሰድ ውስጡ ትኩሳት እንደያዘው ሰው ይፋጃል። አንድ እፍኝ አምጥቼ ለእናቴ ሰጠኋት። አሽትታው ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«በቃ፣ ምን ልንበላ ነው?» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። የዘሩም እዚያው ውስጥ ነበር።

በማግሥቱ ፀሐይ ወጣች። የጎተራውን የሣር ክዳን በእንጨት ገፍቼ ጣልኩት። የቻልኩትን ያህል እየዛቅኩ ቁርበት ላይ አሰጣሁ፤ እየገለበጥኩ ዋልኩ። ከሰዓት ግን ቤት ውስጥ ጠብታ ውሃ ስለጠፋ ወንዝ ወረድኩ። ቀና ስል በዳሞት ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። እንስራውን ጥዬ ሮጥኩ። አቀበቱ አላልቅ አለኝ። ግማሽ መንገድ ላይ ዝናቡ ያዘኝ፤ አለቅን፣ አለቅን እያልኩ እያለቀስኩ ነው የምሮጠው።

ስደርስ ክዳኑ ተመልሷል፤ በላዩም የእንሰት ቅጠል ተደርቦበታል። ቁርበቱ ከነቦሎቄው ቤት ገብቷል። ጎረቤታችን እትዬ ብርቅነሽ በስብሳ ቆማለች።

«ጎተራ ከፍተሽ ወንዝ ትወርጃለሽ? እናትሽ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ነው የመለስኳት» አለችኝና ወደ ቤቷ ሄደች።

የእኛ ተረፈ። በዘር ጊዜ እትዬ ብርቅነሽ ቦሎቄ ልትለምን መጣች። ከአሁኑ በልታ ጨረሰችው ብዬ በልቤ ታዘብኳት፤ አንድ እፍኝ ብቻ ሰጠኋት። መርቃኝ ሄደች። ያቺ እፍኝ እስከ ዛሬ ታሳፍረኛለች።

ብዙ ዓመት አልፎ፣ እኔም ወልጄ ከብጄ፣ የእትዬ ብርቅነሽ ለቅሶ ላይ ልጇ አጠገቤ ተቀመጠች። ዝናቡ የያዘኝ ቀን የእነሱም ቦሎቄ ደጅ ተሰጥቶ እንደነበር ነገረችኝ። እናቷ መጀመሪያ የሮጠችው ወደ እኛ ነው። ስትመለስ የእነሱን ጎርፍ ወስዶታል።