የጠይባ ምክንያት

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩትም፤ ለወንድሜ አልነገርኩትም። ሰግጄ እጄን ስዘረጋ እንኳ ዙሪያውን እዞረዋለሁ እንጂ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። እናንተ አታውቁኝም፤ እኔም አላውቃችሁም። ድፍረት የሰጠኝ ምናልባት እሱ ይሆናል።

ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት የገጠር ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ሽንት ቤት ቆፍሩ፣ ልጅ አስከትቡ፣ እጃችሁን ታጠቡ እያልኩ ቤት ለቤት ስዞር ከሩቅ አይተውኝ በጓሮ የሚወጡ አሉ። እነዚያው ሰዎች ግን ምጥ ሲመጣ፣ ልጅ ሲያተኩሰው፣ «ሲስተር ድረሽልን» እያሉ በሬን ያንኳኳሉ። ማን እንዳረገዘች ከባሏ በፊት የማውቀው እኔ ነኝ። ማን ምን ክኒን እንደሚውጥ፣ የትኛዋ ሴት ከአማቷ ተደብቃ መርፌ እንደምትወጋ አውቃለሁ። ይህ ሥራ ከመርፌውም ከክኒኑም በፊት አፍ መያዝ ይፈልጋል። ስንሠለጥን መጀመሪያ የተነገረን እሱ ነበር። እኔ ግን አፌን አልያዝኩም።

ጠይባ የምትባል የሰፈራችን ልጅ ነበረች። ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ወዷት፣ ሽማግሌ ተልኮ አባቷ እሺ ብለው ነበር። እሷ ደግሞ ወደ አረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርቷን አውጥታ ጨርሳለች። ስለዚህ ኒካሁ ከመሄዷ በፊት እንዲታሰር፣ ሰርጉ ስትመለስ እንዲሆን ተስማሙ። እኛ አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ልጅ ያልሄደበት ቤት ስንት አለና።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጤና ኬላው መጣች። የሥራ ባልደረባዬ ትርንጎ፣ የወግዲ ልጅ ናት፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ክትባት ታዘጋጅ ነበር። ጠይባ የሻሿን ጫፍ ስትጠቀልል ስትፈታ ቆየችና የሦስት ወር መርፌ እንድወጋት ጠየቀችኝ። ያው የእርግዝና መከላከያውን ማለቷ ነው። ያላገባች ልጅ ናትና ደነገጥኩ። መደንገጤንም ከፊቴ አየችው።

«እንደሱ አይደለም፣ እታለም» አለችኝ። «ከዚያ የተመለሱት ልጆች ናቸው የመከሩኝ። ሰው ቤት ውስጥ ብቻሽን ነሽ፣ የሚገጥምሽ አይታወቅም አሉኝ። ክፉ ቢገጥመኝ እንኳ ሆዴን ይዤ እንዳልመለስ ብዬ ነው። አባዬ ይህን ካሰበ ደግሞ አይለቀኝም። ወላሂ፣ ለማንም እንዳትነግሪብኝ።»

«አብሽሪ» አልኳት። ወጋኋት። ትርንጎም ሰምታለች፤ ጥጡን ያቀበለችኝ እሷ ናት። ጠይባ እጅጌዋን ስባ መርቃን ወጣች።

ምክንያቱን አውቅ ነበር። ከራሷ አፍ ሰምቼዋለሁ። ይህን ያዙልኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እናቴ ቤት ቁጭ ብለን ምስር እንለቅማለን። እናቴ ያን ሰሞን ሌላ ወሬ አልነበራትም፤ ጠይባ እንዲህ፣ ጠይባ እንዲያ፤ ቁጥብነቷ፣ ሰው አክባሪነቷ፣ ወገቧን አስራ መሥራቷ። እኔም ሰው ነኝ። ስንቱን ሕፃን ከሞት አፋፍ መልሻለሁ፣ ስንቷን ወላድ በቃሬዛ አሸክሜ ጤና ጣቢያ አድርሻለሁ። እናቴ ግን ስለ እኔ ለጎረቤት ስታወራ ሰምቼ አላውቅም። «እንዲህ ያለች ጨዋ ልጅ ለእኔ አልተሰጠችኝም» አለች፤ እዚያው አጠገቧ ተቀምጬ!

«ጨዋ? እሱን እኔን ጠይቂኝ» አልኩ።

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ቀልዴን ነው ብዬ ማለፍ እችል ነበር። እናቴ ሰፌዱን አስቀመጠችና ምን ማለቴ እንደሆነ ጠየቀችኝ። መርፌ እንደተወጋች ነገርኳት። የምን መርፌ እንደሆነም ነገርኳት። ፊቷ ጠቆረ።

«ኒካህ ሳታስር? ለምኗ ብላ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩ።

እኔ ምን አውቃለሁ! አውቅ የለም እንዴ? ከእኔ ሌላ ማን ያውቃል? ውሸት አልተናገርኩም እያልኩ ራሴን ለብዙ ጊዜ ደልያለሁ። መርፌውን በእርግጥ ተወግታለች፣ እኔ ምን ጨመርኩ እላለሁ። ምንም አልጨመርኩም፤ ቀነስኩ። ምክንያቷን ቆርጬ አስቀረሁና የቀረውን ለእናቴ ሰጠኋት። ለወንድሜ ተቆርቁሬ ነው? አይደለም፤ ወንድሜ በዚያች ሰዓት ትዝ አላለኝም። ቀንቼ ነው። የእናቴ ፊት ወደ እኔ እንዲዞር ፈልጌ ነበር፣ ዞረልኝ። ደስም አለኝ። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

እናቴ ለሰይድ ነገረችው። ሽማግሌዎቹ ቃሉ እንደቀረ ለአባቷ ሄደው ተናገሩ። ወሬው ቀበሌውን ለማዳረስ አንድ የገበያ ቀን በቃው። ጠይባ ምን ብላ ትመልስ? አባቷ ፊት ቆማ ያን የፈራችውን ነገር በምን አፏ ትናገር? ተናግራ ቢያምኗትም ጉዞው ይቀራል። ያንን ነገር አባቷ ዘንድ ሄዶ ማስረዳት የምችለው እኔ ነበርኩ። «አባባ፣ ወደ ውጭ የሚሄዱ ልጆች ይህን ይወጋሉ፤ የመከርኳትም እኔ ነኝ» ብላቸው ያምኑኝ ነበር። የጤና ሠራተኛ ቃል ነው። ስለ ሽንት ቤት ቀኑን ሙሉ ስለፈልፍ የምውል ሴት፣ ለዚያች አንዲት ቃል አፍ አጣሁ።

የሄደች ዕለት ለዱዓ የተሰበሰበ ጎረቤት አልነበረም። አባቷ ከቤት ሳይወጡ ቀሩ። ሻንጣዋን ይዛ እስከ መኪናው የሸኘቻት እናቷ ብቻ ናት። እኔ ጤና ኬላው መስኮት ላይ ቆሜ አየኋቸው።

ይህ አልበቃኝም። የጠይባ ቤተሰቦች ወሬውን ማን እንዳወጣው ሲጠይቁ፣ እናቴ ቀድማ «ያቺ ወግዲዬ ናት የነገረችኝ» አለች። ልጇን ማዳኗ ነው። እኔም አፌን ዘጋሁ። አፍ መያዝ የመጣልኝ ያኔ ነው! ትርንጎ ብትምል ብትገዘት የሰማት የለም፤ እሷ የሰው አገር ሰው፣ እኔ የሰፈር ልጅ። ቤት ለቤት ስትዞር ልጆቻቸውን እየላኩ «ሰው የለም» ያስብሉባት ጀመር። አንዲት እርጉዝ ሴት ትርንጎ እንዳትነካት ብላ ክትትሏን አቋረጠች። አንድ ጠዋት ጤና ኬላውን አብረን ስንጠርግ መጥረጊያዋን አቁማ «ዘሐራ፣ አንቺ እኮ ታውቂያለሽ» አለችኝ። ሰው ፊት አቁማ አልተሟገተችኝም። እኔ ማዕዘኑን መጥረግ ቀጠልኩ።

ዝውውር ጠይቃ ሄደች። ፍራሿን ተሸክሜ እስከ ሚኒባሱ የሸኘኋት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ያገኙን ሰዎች «ዘሐራ መቼም ደግ ናት፣ ለእሷም ታዝናለች» አሉ። ትርንጎ ሰምታቸዋለች።

ዓመታት አለፉ። ሰይድ ሌላ አግብቶ ወለደ። እናቴም ሞተች፣ አላህ ይማራት። እኔ በቀበሌው የታመንኩ ሰው ሆኜ ቀረሁ። ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጉዳቸውን ይነግሩኛል። ከዚያ ወዲህ የማንንም አላወጣሁም፤ ይህንንም ለምስጋና አልነግራችሁም።

ባለፈው ሳምንት ጠይባ ጤና ኬላው መጣች። ወደ አገር ከተመለሰች ወራት ሆኗት ነበር፤ እኔ ግን ከሩቅ ሳያት መንገድ እየቀየርኩ ስሸሻት ከርሜያለሁ። ከስታለች። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሌሎቹ ሴቶች እስኪወጡ ጠበቀች።

«ደግሞ ልሄድ ነው፣ እታለም» አለችኝ። «ያንን መርፌ ውጊኝ።»

ጀርባዬን ሰጥቼ መርፌውን አዘጋጀሁ።

«ያኔ ባትወጊኝ ኖሮ» አለች፤ እኔን ሳይሆን ግድግዳውን እያየች፣ «መጀመሪያ ከገባሁበት ቤት ልጅ ይዤ ነበር የምወጣው።»

ወጋኋት፤ ጥጡን ራሷ ያዘችው።

«አላህ ይስጥሽ» አለች። «ምስጢሬን የያዝሽልኝ አንቺ ነሽ። ያቺን ወግዲዬ ግን አላህ ይይልኝ።»

«አሚን» አልኩ።

የአፍ ልማድ ነው እንዳልል፣ አይደለም። ወሎ ውስጥ ምርቃት ሲሰማ አሚን ይባላል፤ ስትመርቀኝ ወዲያው ማለት እችል ነበር። እኔ ግን እስክትጨርስ ጠበቅኩ። የእኔ ያልሆነውን ምርቃት ተቀበልኩ፤ የእኔ የሆነውን እርግማን ለትርንጎ አሳለፍኩት። ሁሉንም በአንድ አሚን። ጠይባ በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለችና «ላንቺ እንኳ ለማንም አትንገሪ አይባልም» ብላ ሳቀች።

የአላህን ሐቅ አላህ ይምራል፣ የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ አፉ ብሎ ይቅር ካላለ አይፋቅም ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት። ስለዚህ እናንተን አፉ በሉኝ አልልም። ይቅርታው የጠይባ ነው፤ የትርንጎ ነው። ትርንጎ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም፤ አጠያይቄም አላውቅም።

ጠይባ ግን እዚሁ ናት። የምትሄደው ከነገ ወዲያ ነው። አሁን ብነግራት በመንገዷ ዋዜማ ልቧን እሰብራለሁ፤ የምታምነው አንድ ሰው እንዳላት አስባ ትሂድ እላለሁ። ምክንያቴ ያምራል፣ አይደል? ለራሴ ምክንያት ጎድሎብኝ አያውቅም። የቆረጥኩት የእሷን ብቻ ነው።

ቤታቸው ከጤና ኬላው ማዶ ነው። ከተቀመጥኩበት የቆርቆሮው ጣሪያ ይታየኛል፤ በሩም ክፍት ነው። እኔ ግን ይኸው ለእናንተ እጽፋለሁ።